ተከራካሪ ቢመጣ

ሐረር ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስጽፍ ኖሬአለሁ። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ማመልከቻ፣ የክስ መልስ፣ ኑዛዜ፣ የሽያጭ ውል፤ ሰው ቸግሮት የመጣበትን ሁሉ እጽፋለሁ። ቀድሞ የጦር ሠራዊት ጸሐፊ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገሬ ከመመለስ እዚሁ መቅረትን መረጥኩ። የነበረኝ አንድ እስክሪብቶና የተዋስኩት ጠረጴዛ ነው። ከተማዋ ከየት መጣህ፣ የማን ነህ ሳትል ደንበኛ ሰጠችኝ። የማመሰግነው ብዙ ነገር አለኝ፤ የመጀመሪያው ይኸው ነው።

በሥራዬ እኮራ ነበር፤ ትንሽም አይደለም። እኔ የጻፍኩት ውል ፍርድ ቤት ቀርቦ አይወድቅም እያልኩ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። በተለይ አንድ አንቀጽ ነበረችኝ። ማንም ጸሐፊ ይጽፋታል፤ እኔ ግን እንደ ግል ንብረቴ አያት ነበር፦ «በሸጥኩት ንብረት ላይ ተከራካሪ ቢመጣ እኔ ሻጭ መልስ እሰጣለሁ።» የሚሸጠው ላምም ይሁን ቤት ወይም አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና፣ ያቺ አንቀጽ ሳትገባ ማንም ከጠረጴዛዬ አይነሣም።

አንድ ቀን ጠዋት የአንዲት ሴት የቀለብ ማመልከቻ እየጻፍኩ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ላነሣው ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሴትዮዋ ያጎነበስኩት ለመሳቅ መስሏት ነበር፤ ቀና ስል ግን ፊቴን አይታ ጮኸች።

ሆስፒታል ሰነበትኩ። የራስ ቅሌ ውስጥ ደም ረግቶ ነው አሉኝ። እግሬና ምላሴ ተረፉ፤ ቀኝ እጄ ግን ከጎኔ ተንጠልጥሎ ቀረ። እጄን የምታሠራኝ ባለሙያ አንዲት ትንሽ የጎማ ኳስ ሰጥታኝ «በቀን መቶ ጊዜ ይጭመቋት። ጣቶቹን አሁን ካላሠሯቸው እንደዚሁ ይቀራሉ» አለችኝ። ሁለት ቀን ጨመቅኩ። በሦስተኛው ቀን ኳሷን በግራ እጄ አንሥቼ ግቢ ውስጥ ወረወርኳት። ባለቤቴ አምጥታ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠቻት። መልሼ ወረወርኳት። የማልረባ፣ ለቤተሰቡ የከበደ ሰው ሆኛለሁ ብዬ አምርሬ ነበር፤ ምሬቴን የምወጣው ደግሞ በባለቤቴ ላይ ነው። እሷ ያን ጊዜ የቻለችኝን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

አቦከር ያለው ቤታችን ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ አንድ ወር ሞላኝ። ባለቤቴ በመጨረሻ «በግራ እጅህም ቢሆን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ተማር» አለችኝ። አሮጌ ኮምፒውተር የሚሸጥ ሰውም አፈላልጋ አገኘች። ሻጩ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሐጂ ናቸው። ሱቃቸው ገብተን ኮምፒውተሩን ሳይ ለምን እንደሚሸጡት ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ሳል ሳል አሉ።

«ወላሂ አልዋሽዎትም» አሉኝ። «ውስጡ የጭነት መኪና ጨዋታ አለ። ጅዳ ለጥየቃ ሄጄ ነው የገዛሁት። ሱቁን ለልጆች ትቼ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሳመላልስ ስውል ሚስቴ ወይ እኔን ወይ ይህን መኪና አለችኝ።»

ኮምፒውተሩን ከነጨዋታው ዲስክ ገዛሁ። ውሉን እኔ በቃሌ እየነገርኩ ባለቤቴ ጻፈችው፤ ያቺ አንቀጽም ገባች። መፈረም ላይ ስንደርስ ቀኝ እጄ ስለማይሠራ የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ስንቱን መጻፍ የማይችል ሰው ጣቱን ይዤ አስፈርሜ እኔም እንደዚያ ስሆን አንገቴን ደፋሁ። ሐጂ መጻፍ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ደብተራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀለሙን ወደ ራሳቸው ሳቡና እሳቸውም በጣታቸው አተሙ። ምስክሮቹ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እነሱም ተከትለው አተሙ።

ጨዋታውን የከፈትኩት በሥራ ፈትነት ነው። ባዕድ አገር፣ ዝናብ የማያባራበት መንገድ ላይ ተሳቢ ያለው መኪና ትነዳለህ። መኪናው የሚታዘዘው ቀስት በተሳለባቸው አራት ቁልፎች ነው፤ እነሱም ያሉት በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ እጄን በግራ እጄ አንሥቼ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጥኩት። መኪናው ወዲያው ቦይ ገባ። ደገምኩ፤ ቦይ ገባ። ለጎማ ኳስ የማልበገር ሰው ማሽን ሲያሸንፈኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ቀን በቀን ተጣላሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌባ ጣቴ ላይ ንዝረት ተሰማኝ፤ በወሩ ቁልፉን ተጫነው። ባለሙያዋ ጣቴን አጥፋ ዘርጋ አድርጋ እያየች ቤት ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ጭነት እያመላለስኩ ነው» አልኳት። ባለቤቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ከት ብላ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

ሁለት ጣት መታዘዝ ጀምሮ ሦስተኛው ሲከተል ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፍ ጀመር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላለ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ቫይረስ ወሮታል፣ ፎርማት ላድርገው ወይ አለኝ፤ አድርገው አልኩት። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥቦ ጨዋታውን ከዲስኩ መልሶ ሲጭነው አንድ ጽሑፍ መጣ። የዚህ ዲስክ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ የባለቤቱን መለያና የምስጢር ቃል አስገባ ይላል። ጠጋኙ «እስካሁን በሻጩ መለያ ነበር የሚከፈተው» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ዲስኩ በእጄ ነው፤ ውሉ በኪሴ ነው፤ ጨዋታው ግን አይከፈትም።

ደሜ ፈላ። ውሉን ይዤ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ገበያተኛ ቆሞ ጨርቅ እያስለካ ነበር፤ እሱ እስኪሄድ እንኳ አልጠበቅሁም።

«ሐጂ፣ ተከራካሪ መጥቷል» አልኳቸው። «በውላችን መሠረት መልስ ይስጡ።»

«ኸይር ነው? ማነው ተከራካሪው?»

«ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ነዋ። ጨዋታው የእርስዎ እንጂ የኔ አይደለም ብሎ ከልክሎኛል።»

ሐጂ መቀሱን አስቀመጡ። ከመሳቢያቸው ገንዘብ አውጥተው ቆጥረው ሊሰጡኝ ጀመሩ። «የኔ መስሎኝ ነው የሸጥኩልዎ» አሉ። «ያልያዙትን መሸጥ በኛ ዘንድ ሐራም ነው። ሐቅዎን ይውሰዱ፤ ኮምፒውተሩም ይቅርልዎ።»

«ገንዘብ አልፈልግም» አልኩ። «ጣቶቼን ነው የምፈልገው።» ሰው መሃል ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐጂ ገበያተኛውን አሰናብተው ወንበር ሰጡኝ፤ እስክረጋጋም ጨርቅ ሲያጣጥፉ ቆዩ።

ትንሿ ልጃቸው የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አመሻሽ ላይ ሱቁ መጣችና ሐጂ ጅዳ ላይ ሳያነቡ «ተስማምቻለሁ» ያሉበትን ረጅም ጽሑፍ ከስልኳ እያነበበች ተረጎመችልን። ጨዋታው አልተሸጠልህም፤ አንተ ብቻ እንድትጫወትበት ተፈቀደልህ እንጂ። ለሌላ ልትሸጠው፣ ልትሰጠው፣ ልታወርሰው አትችልም። ስንደነቅ ቆየን። እኔ በሙያዬ ቀናሁ ማለት እችላለሁ፤ ምስክር የሌለው፣ አንዱ ወገን ብቻውን የጻፈው፣ ግን አንድም ቀዳዳ የሌለው ውል ነበር። ሐጂ ደግሞ ደጋግመው «ታዲያ ገንዘቡን የተቀበሉኝ ለምንድን ነው?» ይሉ ነበር። ቤት ቢሆን፣ ላም ቢሆን ኖሮ እነግራቸው ነበር።

ሐጂ ግን ውል ገብቻለሁ አሉ፤ መልስ ይሰጣሉ። ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፍን። እኔ «ጉዳዩ፦ የስም ዝውውር ስለመጠየቅ» ብዬ ጀምሬ በቃሌ ተናገርኩ፤ ልጅቷ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የእጄን ሁኔታ፣ የሽያጩን ውል፣ ሻጭና ገዥ መስማማታቸውን ሁሉ ዘርዝረናል። መልሱ በሳምንቱ መጣ። በጣም ትሑት ደብዳቤ ነበር፤ ለደንበኝነታችን አመስግኖ፣ ለጤናዬ መልካም ተመኝቶ፣ አይቻልም ይላል። እንዲያውም መለያውን ለሌላ ሰው ከሰጡ ሊዘጋባቸው እንደሚችል ለሐጂ አስታወሳቸው።

ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ሐጂ ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አወጡና መለያቸውንና የምስጢር ቃላቸውን ጽፈው ሰጡኝ። «እኔ ሸጫለሁ» አሉ። «የሸጥኩትን ደግሞ አስረክባለሁ። ቢዘጉት በኔ ላይ ይዝጉት።» መለያው ውስጥ ከሚስታቸው ደብቀው ያቆዩአቸው ሌሎች ጨዋታዎችም ነበሩ፤ ከተዘጋ አብረው ይዘጋሉ። ነገሩ ደንብ መጣስ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ፣ የሕግ ሰው ነኝ ባዩ፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ነገር ግን ጨዋታው በየጊዜው አንድ ነገር ይጠይቃል። መለያው እውነት የባለቤቱ መሆኑን ለማጣራት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ወደ ሐጂ ስልክ ይልካል። ቁጥሩ እንደገባ ሐጂ ይደውሉልኛል። ሱቅ ውስጥም ይሁኑ ሶፊ ያለው እርሻቸው ላይ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቆይ ብለውኝ አያውቁም። አንዳንዴም ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲወጡ ስልካቸውን ይዘው በእግራቸው ይመጡና አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሚስታቸው የታመመ ሊጠይቁ መሄዳቸውን ነው የምታውቀው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ላለመንካት ይታገላሉ፤ ፊት ለፊታችን ያለው መኪና ሲዘገይ ግን «ዋሪያ፣ ዞር በል!» ብለው ስክሪኑን ይቆጡታል። በአምስተኛው ወር ገደማ አንድ ቀን እሳቸው ባሉበት እስክሪብቶ አንሥቼ የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ይመስላል። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ለባለቤቴ ራሳቸው ወስደው አሳዩአት።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ዓመታት አለፉ። እጄ በብርድና በድካም ጊዜ እየተሳሰረ ስለሚያስቸግረኝ መኪናዬን መንዳቴን አልተውኩም፤ ሐጂም መደወላቸውን አልተዉም። ከዚያ እሳቸው ታመሙ። ቤታቸው አስጠርተው ኑዛዜ ጻፍልኝ አሉኝ፤ በዚያን ጊዜ አንተ መባባል ጀምረን ነበር። አራት ምስክሮች ተቀምጠው ሱቁን፣ እርሻውንና ቤቱን አንድ በአንድ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ያ ጨዋታ ደግሞ ለአንተ ይሁን ብለህ ጨምር አሉኝ።

«ሐጂ፣ አይቻልም» አልኩ። «ያንተ ያልሆነውን መናዘዝ አትችልም። ጽሑፉን አብረን ሰምተናል።»

«አትሸጥም ብሏል?»

«ብሏል።»

«አታወርስም ብሏል?»

«ብሏል።»

«አማና አትተውም ብሏል?»

እሱን አላለም። ሐጂ ትንሿን ልጃቸውን ወደ አልጋቸው ጠርተው እኔን አዘዙኝ። እናንተ አደራ የምትሉትን ጻፍ አሉኝ፤ ስልኬ ከልጄ ጋር ይቆያል፣ ቁጥሩ በመጣ ጊዜ ትነግረዋለች። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ አንቀጽ ጽፌ አላውቅም። በየትኛው ሕግ እንደሚጸናም አላውቅም። ጻፍኩት፤ አራቱም ምስክሮች ፈረሙበት።

ይህ የሆነው ሐጂ ባለፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት ውዬ እመለሳለሁ፤ እንቅልፍም አልነበረኝም፤ ጣቶቼ እንደ ድሮው ተሳሰሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈራሁና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጨዋታው ቁጥሩን አስገባ አለኝ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ፤ መልእክቱ በሐዘን ወዳለ ቤት፣ ወደ ሟቹ ስልክ ሄዷል። አፍሬ አጠፋሁት። ወዲያው ስልኬ ጠራ። የደዋዩ ስም የሐጂ ነው።

«ጋሼ፣ መልእክቱ ገብቷል» አለች ልጅቷ። «የሚጽፉበት ይዘዋል?»

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። እናንተ በዚህ ሐዘን ላይ ሆናችሁ እኔ ጨዋታ...»

«አማና ነው ጋሼ። የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

ኮምፒውተሩን መልሼ ከፈትኩ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ታነብልኝ ጀመር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ። ስልኩን በግራ እጄ፣ እስክሪብቶውን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ፣ እስክትቀጥል ጠበቅኳት።