አርባ ሰው ያሳለፈ ልጅ

የነርስነት ትምህርት ስንማር ክፍላችን ውስጥ አርባ አንድ ነበርን። የሚያጠና ግን አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ካልኩሌተር እንለዋለን።

ለሰው ሟች ነው። የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና በኦንላይን ሲሰጠን፣ የአንድ ሰዓቱን በሃያ ደቂቃ ጨርሶ፣ መልሱን የሠራበትን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሁላችን ላከልን። እኛ ደግሞ ስልካችንን ካሜራው ከማያይበት፣ ከኮምፒውተሩ ሥር አስደግፈን፣ የምናስብ ለመምሰል ግንባራችንን እያሻሸን ገለበጥን። እንዳይነቃብን ብሎ ማን የትኛውን ጥያቄ እንደሚሳሳት እንኳ ደልድሎልን ነበር።

ከፈተናው በኋላ፣ «ይሄ ነገር ኋላ አያስጠይቀንም?» አለን።

«መረዳዳት መቼ ነው ወንጀል የሆነው? ስሌቱን ሥራ ላይ እንለምደዋለን» አልኩት እኔው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እምቢ ማለት አያውቅበትም፤ እኛም ይህን አውቀን እስከ መጨረሻው ተጫወትንበት።

ተመረቅን። አሥራ ሁለታችን አንድ ሆስፒታል ተመደብን፤ እሱን ሩቅ ያለ ጤና ጣቢያ ደረሰው።

ባለፈው ሳምንት እናቱ በልብ ድካም እኔ የምሠራበት ክፍል ተኙ። ፈቃድ ወስዶ መጣና አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን መርፌ ይዤ ገባሁ። በግምት ነበር የሞላሁት። ዋናዋ ነርስ ስብሰባ ላይ ነች። ጠጋ አልኩና እንደ ድሮው ሹክ አልኩት።

«ካልኩሌተር፣ ይቺን በስንት ነበር የምናካፍላት?»

ፊቱ አመድ መሰለ። መርፌውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው።

«አሥር እጥፍ ነው የሞላሽው» አለኝ፣ እናቱ እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ። ትርፉን አስወግዶ መለሰልኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ካንቺ ቀጥሎ ተረኛው ማነው?»

ነገርኩት። የክፍላችን ልጅ ነው።

«ከእሱስ ቀጥሎ?»

እሷም የክፍላችን ልጅ ነች።

እናቱ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ! ሂድና ጎንህን አሳርፍ። ጓደኞችህ አሉ አይደል? እንደ እናታቸው ነው የሚያዩኝ።»

«አውቃለሁ እማዬ» አለና ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።