በአንድ ቡሉኮ ሥር

የማሽላ እሸት በፍም ላይ ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ልጅነቴን ይዞብኝ ይመጣል። ባለፈው ጥቅምት የጎረቤቴ ልጆች ከገጠር የመጣላቸውን እሸት አጥር ሥር ሲጠብሱ ሸተተኝና፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ፤ «እትዬ ሐሊማ፣ ቅመሱ» ብለው ቢያመጡልኝም አልበላሁትም።

ስወለድ የላይኛው ከንፈሬ እስከ አፍንጫዬ ድረስ የተሰነጠቀ ነበር። ቤታችን የጨፋን ሸለቆ ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ ስለነበር እንግዳ ከሩቅ ይታያል፤ ሰው ብቅ ሲል እናቴ የያዘችውን ጥላ ትሮጥና ሻሼን እስከ ዓይኔ ሥር ትስበው ነበር። በእኔ አፍራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እኔን ከሰው ሳይሆን፣ ሰው እኔን ሲያይ ፊቱ የሚሆነውን ከእኔ መደበቋ ነበር፤ ይህ የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ማሽላው ያሽትና ግሪሳ ወፍ ይወርድበት ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየአባቱ እርሻ መካከል በእንጨት በቆመ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያወናጨፈና እየጮኸ፣ ከማለዳ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ይጠብቅ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ እኔንም ማማ ላይ አወጣኝ። ተሸፍኖ መጮህ አይቻልምና ሻሼን ወደ አንገቴ አወረድኩት፤ ፊቴን ነፋስ ሲነካው ደስ አለኝ።

የሚቀጥለው ማማ የጦይባ ነበር። ጦይባ በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ፣ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የተዋወቅነው በድምፅ ብቻ ነው፤ እኔ በአፍንጫዬ ስጮህ ሌሎቹ ልጆች እያስመሰሉ ሲስቁብኝ፣ እሷ «ሆ» ብላ ትመልስልኝ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አገዳውን እየገለጠች እኔ ዘንድ መጣች። እኔም ተሯሩጬ ሻሼን ወደ ላይ ሳብኩ።

«ምን ትሸፋፈኛለሽ?» አለችኝ። «ግሪሳው የሚፈራው ጩኸትሽን እንጂ ፊትሽን አይደለም። ኮቱ፣ ነይ ውረጂ።»

ጥንቅሽ ሰብራ ሰጠችኝ። ስመጥጠው ጣፋጩ ውሃ በስንጥቁ እያለፈ አገጬ ላይ ወረደ፤ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ጦይባም የራሷን መጠጠችና ሆን ብላ አገጯ ላይ ለቀቀችው። «ወላሂ፣ ያንቺ በልጧል» አለች፣ ወርዶ የደረሰበትን በጣቷ እየለካች። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ልጆች ወደኛ እየመጡ የማን ጥንቅሽ እምብርቱ ጋ ይደርሳል እያልን እንወራረድ ነበር። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ፤ ተሸናፊው እሸት ይጠብስልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ የለም።

እንዲህ እያልን አራት ጥቅምት አለፈ፤ ጦይባም ከቦርከና ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ታጨች። በእኛ ሰፈር ልማድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ከምትወዳት ጓደኛዋ ጋር በአንድ ቡሉኮ ትሸፈናለች፤ ባል ቤት እስኪደርሱ ሁለቱም አይገለጡም። «አብረሽኝ የምትሸፈኚው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ማን ማን እንደሆነ አይለዩም፤ ምናልባት ተሳስተው አንቺን ያስቀሩሻል።» መሸፈን የምጠላው እኔ፣ ያንን ቡሉኮ ቀን እየቆጠርኩ እጠብቀው ጀመር።

ጥር ላይ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሰሞን፣ የሙሽራው አክስት ሙሽራዋን ልታይ መጣችና እኔን ከጦይባ ጋር አየችኝ። ወደ እናቴ ሄዳ «እኅቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ሙሽራ እስክትወልድ ድረስ እንዲህ ያለ ፊት ካየች ጽንሱ መልኩን ይወስዳል» አለቻት። እናቴም የሠርጉ ለት ጎሕ ሲቀድ ቀስቅሳኝ «አክስትሽ ታማለች» ብላ ጨፋ ሮቢት ይዛኝ ሄደች። ስንደርስ አክስቴ በሙሉ ጤንነቷ እህል ታበጥር ነበር። ያኔ ከሠርጉ እንድርቅ መወሰዴ ገባኝ።

በኋላ እንደሰማሁት ጦይባ «ሐሊማ ትመጣለች፣ አልሸፈንም» ብላ እስከ ቀትር አስቸግራለች። በመጨረሻ ከአጎቷ ልጅ ጋር ሸፍነው እያለቀሰች ወሰዷት። ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነውና ለምን እንደምታለቅስ የጠየቃት የለም።

በማግሥቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከእናቴ ጋር ከሚሴ ገበያ ወጣሁ። የሙሽራው አክስት ያለችውን እናቴ ነግራኝ ነበር። ከጨው ሻጮቹ ፊት ጦይባን አየኋት፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር። እሷም አየችኝና «ሐሊማ፣ ኮቱ» ብላ ተጣራች። እኔ ግን ሻሼን እስከ ዓይኔ ሳብኩና ዞሬ ከብት ተራው ውስጥ ገባሁ። ልጇን ያተረፍኩላት መስሎኝ ነበር። ደግማ ስትጠራኝ ሰምቻለሁ፤ ድምፅዋ ያኮረፈ ሰው ድምፅ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቦርከና ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ። ጦይባ ምጥ ይዟት ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት ሳይገኝ በሦስተኛው ቀን ከነልጇ አለፈች። ውሃው ጎድሎ መርዶው ሲደርሰን፣ አስከሬኗን ያጠበችው ሴት እያለቀሰች «ልጁ እኮ አንድ እንከን አልነበረበትም» አለች። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ እኔም ቀና ብዬ አላየኋት፣ እሷም አላየችኝም።

ጎልማሳ ሆኜ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከንፈሬ ተሰፋ። ዛሬ እንደኔ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ጡት ሳይጥል ይሰፋለታል፣ እናቱም ሻሽ አትስብበትም፤ እርጉዞቹ የሰፈሬ ሴቶች እኔንም አቅፈው ጉንጬን ይስሙኛል። አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የጦይባ ጓደኛ ያቺ ከንፈረ ስንጥቋ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ገበያ መሃል ብታገኘኝ ሳታውቀኝ አጠገቤ ታልፋለች እንጂ አትጠራኝም።