ሆዴን የቆረጠኝ ማን ነው?

ከደብረ ታቦር የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደኝ ሚኒባስ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እኔ ሆዴን ይዤ ደጃችን ላይ እጥፍ ብያለሁ። ሕመሙ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲመጣ ሲሄድ የኖረ ነው። እናቴ ግን፣ «ሆድሽ ባብቶ ነው፤ ወረታ ስትደርሺ ይለቅሻል» አለችኝ። እውነትም ወረታ ላይ ለቀቀኝ። ጀርመን ስገባ ያዘኝ።

የጀርመን ብርድ የአገሬ ተራራ የጉና ብርድ ዘመድ ነው፤ ድንቹ ግን የጉናን ድንች አያክልም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሳቃስት አከራዬ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ሄልጋ፣ በሬን አንኳኩ።

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጸጥታ ጊዜ ነው።»

«ዘጠኝ ሲሞላ ማቃሰት ይቻላል?»

«ያን ጊዜ መብትሽ ነው» አሉ፤ ግን የሐኪም ቀጠሮ፣ እነሱ ተርሚን የሚሉትን፣ ያስያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ ዘንድ አስተርጓሚው በስልክ ነበር። «ሆዴን ይቆርጠኛል» አልኩ። ቃል በቃል ተረጎመው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማን ነው የሚቆርጥሽ?»

«ማንም። ዝም ብሎ ይቆርጠኛል።»

«ባልሽ ነው?»

«ባል የለኝም!»

ፖሊስ ሊጠራ ሲል አስተርጓሚው ነገሩ ገብቶት ሳቁን እየዋጠ አስረዳው። ራጁም አልትራሳውንዱም ምንም አላሳዩም። «ስትሬስ ነው፤ አገርሽ ናፍቆሽ» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ዋጥኩት። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር፤ ግን የበላሁትን ሁሉ ያስመልሰኝ ጀመር፤ ናፍቆት እንዲህ ያስመልሳል?

በመጨረሻ ሥራ ቦታ ወደቅሁና ሆስፒታል ወሰዱኝ። አንዲት ቀዶ ሐኪም፣ «በእምብርትሽ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተን እንየው» አለችኝ። ፈራሁ። የፈራሁት ቢላውን አይደለም፤ ምንም ሳያገኙ ቀርተው ውሸታም እንዳልባል ነው።

ስነቃ ፎቶ ይዛ ቆማለች። ከእምብርቴ እስከ አንጀቴ የተዘረጋ ክር መሳይ ሥጋ! ሳልወለድ መጥፋት የነበረበት ነው አለች። አንጀቴ እሱ ላይ ሲጠመዘዝ ያመኛል፣ ሲፈታ ይለቀኛል። በዚያችው ቀዳዳ ቆርጠው አወጡት። «ብትዘገዪ አንጀትሽ ይሞት ነበር» ስትለኝ፣ እኔ ከደስታዬ የተነሳ አለቀስኩ፤ አልዋሸሁም ነበራ!

ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። በማግሥቱ ደወለች።

«ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት። የንስሐ አባታችን እንኳ አማትበው አዩት።»

«እማዬ! አንጀቴን?»

«ምን አለበት፣ ጤነኛ ነው። አንጀትሽንስ አየሁት። ፊትሽን መቼ ነው የማየው?»

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፤ እሱን ሳልይዝ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። «ኔትወርኩ አስቸገረኝ፣ አይሰማኝም» አልኳት። ድምጿ ግን አጠገቤ እንዳለች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።