እትዬ ዘነበች ከእድር የወጡበት ጠዋት

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ዛሬ ጠዋት ከእድራቸው ስማቸውን አሰርዘው መጡ።

አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ግሪን ካርድ ማግኘቷን ነግራቸው ነው። "ቋሚ ነዋሪ ሆናለች፤ በቅርቡ ትወስደኛለች። ጅማ ላይ ለቀብሬ ምን አስከፈለኝ?" አሉኝ እየሳቁ።

ቋሚ ነዋሪ መሆን ዜጋ መሆን እንዳልሆነ፣ እናቷን መውሰድ የምትችለው ዜግነት ስታገኝ እንደሆነ፣ ያም ዓመታት እንደሚፈጅ አስረዳኋቸው። ትክክል መሆን እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

"ታዲያ እስከዚያ ብሞትስ?"

"ነገ አብረን ሄደን እንደገና እናስመዘግብዎታለን።"

"በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ገቢ ልባል!" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "አንተስ ልጄ፣ የየትኛው እድር ነህ?" ብለው ጠየቁኝ።

ከትውልድ ቦታዬ መጥቼ እዚህ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው። እስካሁን ግን በአንዱም እድር አልተመዘገብኩም።

እናንተስ፣ ከተወለዳችሁበት ርቃችሁ የምትኖሩ፣ እንዲህ ስትጠየቁ ምን ትላላችሁ?