የሸሪፍን አሟሟት ለመስማት

ሸሪፍ ከሞተ ወዲህ ራቢዓን እንቅልፍ የሚጥላት ቀን ቀን ሆነ። ከዙህር ሰላት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በድንብላሉና በኮረሪማው ከረጢት መሃል ቁጭ እንዳለች ዓይኗ ክድን ይላል። ያን ጊዜ ባሏ ይመጣል። ትከሻው ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ። በርጩማ ስቦ ይቀመጥና «ያን ቀን ምን ሆነ መሰለሽ፣ ራቢዓ…» ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ደንበኛ «ነጭ አዝሙድ አለ?» ሲል ትባንናለች። ወጉ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆረጣል።

ሠላሳ ዓመት አብረው ቅመም ሸጠዋል። ሸሪፍ ወግ ወዳድ ነበር፤ መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ሳይተርክ ምሳ አይቀርብም። አንድ የሰኔ ረቡዕ አዘዞ ላለ ደንበኛ በርበሬ አድርሶ ሲመለስ፣ የአዲስ ሕንፃ የብሎኬት ግድግዳ ተደርምሶ ገደለው። እንዴት እንደሆነ ቁርጡን የነገራት የለም። አንዱ ነፋስ ነው አለ፣ ሌላው ዝናብ። «እሱስ እዚያ ምን አቆመው?» ያለም አልጠፋም። የወንጀል ምርመራውም በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ።

ሁለተኛ ዓመቱ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጇ ፈህሚያ ሱቁ መጣች።

«እማ፣ ጠበቃ አነጋገርኩ። ለካሳ መክሰስ የሚቻለው እስከ ሁለት ዓመት ነው። ካለፈ በይርጋ ይታገዳል።»

«ምነው ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ገበያ ላውጣት?»

«ነፍሱን አይደለም። ያንን ግድግዳ ያሠራው ሰው ይጠየቅ ነው የምልሽ።»

ራቢዓ ቀና ብላ ወደ በሩ ተመለከተች። ውጭ ጉም ወርዶ የማዶው ሱቅ እንኳ አይታይም ነበር። በጉሙ ውስጥ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሸሪፍን ይመስላታል።

ወሬው አልተደበቀም። በሳምንቱ ሐጂ አብዱልመናን ሽማግሌ ሆነው መጡ። የላካቸው የሕንፃው ተቋራጭ ታከለ ነበር። ሐጂ ሸሪፍን በልጅነቱ ቁርኣን ያስተማሩት፣ ሲሞትም የጀናዛውን ሰላት ያሰገዱት አዛውንት ናቸው።

«ልጄ፣ ታከለ እክሳለሁ ብሏል። ፍርድ ቤት መንከራተቱ ይቅርብሽ። የሆነው በቀደር፣ በአላህ ውሳኔ ነው።»

«ቀደሩንማ ተቀብያለሁ፣ ሐጂ። ከአላህ ጋር ክርክር የለኝም። ታከለ ግን ይምጣና እፊቴ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሆነ ይንገረኝ። ከነገረኝ አልከስም።»

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ብቻቸውን ተመለሱ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«ካሳውን በእኔ እጅ ልላክ ይላል። መምጣቱን ግን ፈራ።» ከዚያም «እንግዲህ የእኔ ሽምግልና እዚህ ላይ አበቃ። ብትከሺም አልቀየምሽም» አሉ።

በማግስቱ ራቢዓ ከልጇ ጋር ጠበቃው ዘንድ ሄዳ ፈረመች።

ክርክሩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ከረመ። ችሎት ስትቀመጥ የጠበቆቹ ድምፅ ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማታል። አወቀ የሚባለው ግንበኛ ለምስክርነት የቆመ ዕለት ግን ድምፁ አጠገቧ ሆነ።

«ግድግዳው ድጋፍ አልነበረውም። ሳይደርቅ ጨምሩበት ተባልን። ያጋድላል ብዬ ለአቶ ታከለ ነግሬያቸው ነበር። ነገ እናየዋለን አሉኝ።»

«ሟቹ እዚያ ምን ያደርግ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«አንዲት ሴት የተሸከመችው ገብስ ወድቆባት ነበር። አንስቶ አሸከማት። ‹በርቺ እህቴ› ሲላት ሰምቻለሁ። እሷ ጥቂት እንደራቀች ግድግዳው መጣ።»

ራቢዓ ዓይኗን ጨፈነች። «በርቺ እህቴ» የሚለውን የሰማችው በግንበኛው ድምፅ አልነበረም። እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። መቼስ ሸሪፍ ነው፤ የሰው ሸክም ወድቆ እያየ እንዴት ያልፋል!

ፍርድ ቤቱ ታከለ ጥፋተኛ ነው፣ ካሳም ይክፈል ብሎ ወሰነ። ግቢው ውስጥ ታከለ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠበቃት።

«እትዬ ራቢዓ፣ ያኔ መምጣት ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አለችው። አልረገመችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁ ማለትም አልወጣላትም። አልፋው ሄደች።

ፈህሚያ ከጠበቃው ጋር ስትነጋገር እሷ ሚኒባስ ተሳፈረች። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት፤ መውረጃዋ እንዳለፈ አላወቀችም። ሹፌሩ «እማማ፣ ወለቃ ደርሰናል እኮ! የት ነበር የሚወርዱት?» ሲል ነቃች። ከከተማው ዳር፣ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ላይ ወረደች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ተራራው ታጥቦ ቀርቧል፤ በመንገዱ ዳር የተደረደረው ሸክላ ውሃ ቋጥሯል። ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ የት ነሽ?»

«ወለቃ።»

«ወለቃ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንጃ ልጄ። መንገዱ ሸጋ ነው፤ በእግሬ እየመጣሁ ነው።»