ምንጩ ከላይ ነው ከታች?

ፍኖተ ሰላም ተመድቤ ሥራ ስጀምር መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የተቀጠርኩት በውሃ መሥሪያ ቤት ሲሆን ሥራዬ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን እያየሁ መሬት መለካት ነበር። ለሰው ስነግር የሚያምነኝ አልነበረም። እናቴ ራሷ "ፎቶ እያየሽ ደመወዝ ይከፍሉሻል?" ብላ ስቃብኛለች።

አውሮፕላኑ እየበረረ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነሳዋል። ሁለቱን ተከታታይ ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለመስታወት መመልከቻ ሲያዩአቸው ጠፍጣፋው ወረቀት ነፍስ ይዘራል። ተራራው ወደ ዓይን ይመጣል፤ ገደሉ ይጎደጉዳል። ከዚያ በአንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ የአንዱን ቦታ ከፍታ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት መስታወቱ ላይ ካጎነበስኩ፣ ምሳ ሰዓት መድረሱን የማውቀው ሰዎች ሲወጡ ኮቴያቸውን ሰምቼ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ በቡሬና በሽንዲ መካከል ያለች የአንዲት መንደር ፎቶ ሰጡኝ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የመንደሩ ሰው ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ማዶ ካለ ምንጭ ነው። ምንጩ ከመንደሩ በታች ነው ስለተባለ፣ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋ ሞተር ሊገዛ ታስቧል። እኔ የምለካው ሞተሩ ምን ያህል ከፍታ መግፋት እንዳለበት ነው።

ለካሁ። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ሆኖ አገኘሁት።

"ግራና ቀኙን አቀያይረሽው እንዳይሆን" አሉኝ አለቃዬ።

ፎቶዎቹ ቦታ ከተለዋወጡ ተራራው ገደል፣ ገደሉ ተራራ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ የሆነ ሁሉ አንዴ ሳይሳሳት አያልፍም። ደንግጬ ተመለስኩና አየሁ። ወንዙ እንደ ወጉ ከሸለቆው ሥር ነው የሚሄደው። እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው።

"እንግዲያው ሞተሩ ሳይገዛ ቦታው ድረስ ሄደን በሌቭል እንየው" አሉ፤ አግድም መስመር በሚያሳየው ባለ መነጽር መሣሪያ ማለታቸው ነው።

መንደሩ ስንደርስ ምንጩን የሚያሳዩን አንዲት በዕድሜ የገፉ የውሃ ኮሚቴ አባል ተመደቡልን። ባዶ ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አዝለው ፊት ፊት ይሄዱ ጀመር።

"እናቴ፣ ምንጩ ከላይ ነው ከታች?" አልኳቸው።

"ከታች ነው እንጂ ልጄ። ስንሄድ ቁልቁለት ነው፤ ዳገቱ ያለው ስንመለስ ነው።"

"ከወንዙ ወዲያስ?"

"ከወንዙ ወዲያማ ትንሽ ሽቅብ ማለት አለው።"

ያ ትንሽ የተባለው ሽቅብ ትንፋሽ አሳጣን። አለቃዬ ዛፍ የሚያዩ እየመሰሉ ይቆማሉ። ነገሩ የገባኝ እዚያ ዳገት ላይ ነው። የመንደሩ ሴቶች ይህን አቀበት የሚወጡት ዕቃቸው ባዶ ሆኖ፣ ጨዋታ ይዘው ነው። ወደ መንደሩ የሚመልሰውን ግን የሚወጡት ውሃ ተሸክመው ነው። ወገባቸው የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ምንጩ በዋንዛና በሾላ ስለተሸፈነ ከዚያ ሆኖ መንደሩ አይታይም። ትንሽ ፈንጠር ካለ ድንጋይ አጠገብ ሌቭሉን ተከልኩና አስተካከልኩት። አግድም የሚያሳየው መስመር ሸለቆውን ተሻግሮ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች አናት ላይ አለፈ። ከመንደሩ በላይ ነን ማለት ነው። አለቃዬም አዩ። ከዚያ ለሴትዮዋ ቦታ ለቀቁላቸው።

"እስኪ እርስዎም ይዩት።"

አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ።

"የደብራችን ዛፍ ተገልብጧል" አሉ በመጨረሻ። "ሥሩ ወደ ሰማይ ሆኗል። እንዲህ በሚያሳይ ዕቃ ከሆነማ፣ ከላይም በሉት ከታች አልከራከራችሁም።"

መሣሪያው ያረጀ ስለነበር ነገሩን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። እኔ ስለለመድኩት ረስቼዋለሁ። አለቃዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሴትዮዋም አብረው ሳቁ።

በማግስቱ ሸንተረሩን እየዞርን ደረጃ በደረጃ ለካነው። ውጤቱ ከእኔ የፎቶ ልኬት ጋር ልክ በልክ ባይገጥምም ተቀራረበ። ውሃው ሸለቆውን በቧንቧ ተሻግሮ፣ ያለ ሞተር በራሱ ግፊት መንደሩ መድረስ ይችላል። አለቃዬ ሂሳቡን አይተው "ደህና ነው" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ የመንደሩ ሰው ቦዩን ቆፈረ፤ ቧንቧው ተዘረጋ። ውሃው የተለቀቀ ቀን ተጋብዘን ሄድን። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፤ ከዚያ ጠራ። እኒያ ሴት ከሁሉ ቀድመው ፊታቸውን ታጠቡና እርጥብ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ ጉልበቴን መለስሽልኝ" አሉኝ።

ድንች በሚጥሚጣ በልተን፣ ጠላ ቀምሰን ከሰዓት በኋላ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። አለቃዬ ገና መኪናው ሳይርቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ቀሚሴ ትከሻው ላይ እስኪደርቅ ንፋሱን እየተቀበልኩ ተቀመጥኩ።