ከሐይቁ ሥር የወጣው ጥድ

«ይጣሉት ነው የምልዎት እኮ!» አለ ዶክተሩ።

ሴትዮዋ የሐይቅ ጭቃ ናሙና ያለባቸውን ቱቦዎች ሳጥን በሁለት እጇ ይዛ በማቀዝቀዣውና በቆሻሻ መጣያው መካከል ቆመች። አልጣለችም።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህ ቤተ ሙከራ የገባችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ብርጭቆ ልታጥብ ነበር። የሐይቅ ደለል ድሮ የሞቱ ተክሎችን ዲኤንኤ ይዞ እንደሚቆይ የሰማችው እዚያው ስታጥብ ነው፤ አንድ ማንኪያ ጭቃ የጠፋ ደን ስም ይናገራል ተባለ። ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ጭቃ ከተናገረማ ጎማዬን ልጠይቀው» አለ። እሷ ግን የማታ ትምህርት ገባች። ዛሬ ደለሉን የምትቆርጠው እሷ ናት። ከአናት እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ፣ አፏን ሸፍና ወደ ንጹሑ ክፍል ስትገባ ባልደረቦቿ «ሙሽሪት» ይሏታል።

የዚያን ቀን የመጣው ውጤት ከሰባት ሜትር ጥልቀት፣ ከዘጠኝ ሺህ ዓመት በፊት ከረጋ ጭቃ ነበር። ዶክተሩ በዚያ ዘመን በሐይቁ ዙሪያ ሣር ብቻ ነበር እያለ ሦስት ዓመት ጽፏል። ኮምፒውተሩ ግን ጥድ አለ። በዝርዝሩ ከጥዱ ቀጥሎ ደግሞ ቲማቲም።

ቲማቲም ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ገና ጥቂት መቶ ዓመቱ ነው።

«ምሳዎ ነው፣ እትዬ። ጭቃውን በቆረጡበት ቀን ቲማቲም በዳቦ ሲበሉ አይቻለሁ። ቲማቲሙ ከገባ ጥዱም ከየትም ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡድኑ ፊት እቀርባለሁ፤ መሳቂያ አልሆንም።»

«የበላሁት ሥራዬን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

ከዚያ ጥልቀት በእጃቸው ሌላ ጭቃ አልቀረም። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው የደለል ዓምድ ለሁለት ተሰንጥቆ ሌላኛው ግማሽ በሌላ ከተማ ተቀምጧል፤ ያለ በቂ ምክንያት አይቆረጥም። ሳጥኑ ከተጣለ ጥዱ አብሮ ይጣላል። ለእሷም ምሳዋን ደለል ውስጥ የጨመረች የሚል ስም ይተርፋታል።

«ባዶዎቹስ?» አለች።

ባዶ የሚሉት ጭቃ የሌለበትን፣ ውሃና ኬሚካል ብቻ ያለበትን ቱቦ ነው። ቆሻሻ ከውጭ ከገባ እዚያም ይታያል። ደንቡ አንድ ይበቃል ይላል፤ እሷ ሁልጊዜ ሁለት ታደርጋለች። አንዱን ራሷ ትሞላለች። ሁለተኛውን ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል፣ ከዚያው የኬሚካል ጠርሙስ ቀድቶ ይሞላል። በዚህኛው ዙር የሞላው ዶክተሩ ነበር፤ «ውሃ ሲመረምሩ ሊኖሩ ነው?» እያለ።

«ገና አልተነበቡም» አለ።

«ይነበቡ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ጥድ ከተገኘባቸው እኔው እጥለዋለሁ።»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

የእሷ ባዶ፦ ቲማቲም።

የእሱ ባዶ፦ ቲማቲም።

«ዶክተር፣ እርስዎም ምሳዎ ቲማቲም ነበር እንዴ?»

ዶክተሩ ባዶውን በሞላበት ቀን ምሳ አልበላም ነበር። ቲማቲሙ ከኬሚካሉ ጠርሙስ ነው፤ ከፋብሪካው ጀምሮ አብሮ መጥቷል። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች አወረደ፤ እንደገና ወደ ላይ መለሰ። ጥድ በሁለቱም ባዶ ውስጥ የለም። ያለው በጭቃው ውስጥ ብቻ ነው።

«ሣር ነው ብዬ…» አለና አቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ደን ነው! ደን ነው እኮ!» ትከሻውን በመዳፏ መታችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አለቃዋን «አንተ» ስትል የመጀመሪያዋ ነው። እሱ መሳቅ ጀመረ። ወረቀቱን አትሞ፣ ጋዋኑን ሳያወልቅ ወደ ስብሰባው ሮጠ።

እሷ ባሏ ጋር ደወለች። መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር።

«ጥድ አገኘን!»

«የት?»

«ውሃ ሥር! የዘጠኝ ሺህ ዓመት!»

«መንገዴ ላይ ካልወደቀ ምን አስጮኸሽ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁ ከስልኩ ራቀ፤ «ሰማችሁ? ሚስቴ ደን አገኘች!» እያለ ለተሳፋሪው ሲያወራ ሰማችው።

ከአራት ወር በኋላ የደለሉ ሌላኛው ግማሽ በሌሎች ሰዎች እጅ ተቆረጠ። እዚያም ጥድ ነበረበት።